ታትሱታ ማሩ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ በጦርነት ስለ ጠፋች አንዲት የጃፓን መርከብ ነው። ስሟ ታትሱታ ማሩ ይባላል። የጃፓን የንግድ መርከቦች ስም ብዙውን ጊዜ «ማሩ» በሚል ቃል ይፈጸማል፤ በእኛ ጆሮ ግን ቃሉ ምሕረት የሚለምን ይመስላል። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ታትሱታ ማሩ በ1930 በናጋሳኪ ተሠርታ ያለቀች፣ 17,000 ቶን ያህል የሆነች፣ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ የመንገደኞች መርከብ ነበረች። ከዮኮሃማ ተነሥታ በሆኖሉሉ በኩል ሳን ፍራንሲስኮ ትደርስ ነበር።

ዲሴምበር 2 ቀን 1941 እንደ ወትሮዋ መንገደኞች አሳፍራ ወደ አሜሪካ ጕዞ ጀመረች። በዚያው ሰሞን የጃፓን የጦር መርከቦች በምሥጢር ወደ ሃዋይ ይገሠግሡ ነበር። እርሷ የተላከችው ሰላም ያለ እንዲመስል ነው። ፐርል ሃርበር በተመታ ጊዜ ፊቷን አዙራ ተመለሰች። በአንድ እጁ ሰላምታ እየሰጠ በሌላው ጩቤ እንደሚመዝ ሰው ማለት ነው፤ መንገደኞቹ ሰላምታው እነርሱ መሆናቸውን አላወቁም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን የ1942ቱ ጕዞዋ ነው። ጠላትነቱ በበረታበት ጊዜ ጃፓንና እንግሊዝ በየአገሩ የቀሩባቸውን ዲፕሎማቶችና ሲቪሎች ለመለዋወጥ ተስማሙ። ታትሱታ ማሩ በጎኗ ላይ ትልልቅ ነጭ መስቀል ተቀብቶባት፣ ሌሊት መብራቷን አብርታ፣ እስከ አህጉራችን ድረስ መጣች። ልውውጡ የተፈጸመው ዛሬ ማፑቶ በምትባለው፣ ያን ጊዜ የገለልተኛዪቱ የፖርቱጋል ግዛት በነበረችው በሎሬንሶ ማርኬስ ወደብ ነው። በደኅና ሄዳ በደኅና የተመለሰችው ብረቷ ስለ ጠነከረ አይደለም፤ ሁለት ጠላቶች ቃል ስለ ተጋቡ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ወታደር ማመላለሻነት ተመለሰች። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1943 ሌሊት፣ ከዮኮሱካ ወደ ትሩክ ደሴቶች ስትሄድ፣ ታርፖን የተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በሚኩራ ደሴት አጠገብ በቶርፔዶ መታቻት። ነፋሱ ብርቱ ነበር። አጃቢዋ የጦር መርከብ ብትፈልግ አንድ ሰው እንኳ አላገኘችም፤ ከ1,400 የሚበልጡ ሰዎች ጠፉ። ስሟ የተወሰደው የነፋስ አማልክት ከሚመለኩበት ከናራ አውራጃ መቅደስ መሆኑን ሳነብ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ ዘጋሁት።

የመታትን መርከበኛ ለመክሰስ አልቆምሁም፤ ወታደር የጫነች መርከብ በጦርነት ዒላማ ናት። የሚያሳዝነኝ፣ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ለዚህችው መርከብ ቃላቸውን መጠበቅ እንደሚችሉ ሁለቱም ወገኖች ማሳየታቸው ነው።

እኅቶቿም አልተረፉም። ካማኩራ ማሩ በ1943፣ አሳማ ማሩ (ስሟ አያሥቃችሁ፤ በጃፓን የታወቀ ተራራ ስም ነው) በ1944 እንደዚሁ በሰርጓጅ መርከቦች ተመትተው ሰጠሙ። በ1930 ተሠርታ ያለቀችው የዚያው ኩባንያ መርከብ ሂካዋ ማሩ ግን የሆስፒታል መርከብ ሆና ስታገለግል ሦስት ጊዜ የባሕር ፈንጂ መታት፤ አልሰጠመችም። ዛሬ በዮኮሃማ ወደብ ታስራ ሙዚየም ሆናለች፤ ጎብኚዎች በወለሏ ላይ እየተመላለሱ ያዩአታል።