ወደ ኮሌጅ ለሚሄዱ የደጀን ተማሪዎች ስለ ጤና አጠባበቅ የተደረገ ንግግር



 እኛ ከናንተ ጥቂት ዓመት ቀድመን ከዚሁ ከደጀን ወጥተን በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ነን። ስለ ትምህርቱ ክብደትና ስለ ፈተናው የሚመክራችሁ ብዙ ነው፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን የጤናን ነገር መርጠናል። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ አዲስ ተማሪን አብዝቶ የሚጎዳው ሕመሙ ሳይሆን ሕመሙን መደበቁ ነው።

የደጀን ልጅ የደጋ ልጅ ነው። ከተማችን በአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከርሷ እስከ ድልድዩ ያለውም ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ንዳድ እንደሚይዘው ወላጆቻችን አሳምረው ያውቃሉ። ዛሬ ግን ወደ ቆላ የሚያስወርደው እርሻና ንግድ ብቻ አይደለም። ምደባ ሲወጣ አንዱ ጋምቤላ፣ አንዱ አሶሳ፣ አንዱ አርባ ምንጭ ይደርሰዋል። ወባ ባለበት አገር ያደገ ሰው ደጋግማ ስለ ያዘችው ሰውነቱ በመጠኑ ይቋቋማታል፤ የደጋው ሰው ሰውነት ግን አያውቃትም።

ይህ ከንቱ ማስፈራራት አይደለም። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወባ ወደ ከፍተኛው አገር ወጥታ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ስትይዝ 150,000 ያህሉን ገድላለች። ይህን ያህል ሕዝብ ካለቀበት ምክንያት አንዱ ሰውነቱ በሽታውን ያለመደ መሆኑ ነው።

«እኔስ የተመደብሁት ከተማ ነው» የሚል ቢኖር የድሬዳዋን ነገር ያስብ። በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወራት በከተማይቱ ወባ በድንገት ሲነሣ ከታመሙት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኙ ነበር። ለዚህም ምክንያት ሆና የተገኘችው ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ናት። በአገራችን መጀመሪያ የታየችው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሐር ሲሆን፣ በውኃ ገንዳና በበርሜል ውስጥ ስለምትራባ ከተማም ሆነ በጋ አያግዳትም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ፤ ወባ ባለበት አገር ያለ አጎበር አትተኙ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲሰማችሁ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ክሊኒክ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ። ከጓደኛ የተረፈ ክኒን አትዋጡ፤ የወባው ዓይነት ሲለያይ መድኃኒቱም ይለያያልና። ፋልሲፓረም የተባለው ቶሎ ይገድላል፤ ቫይቫክስ የተባለው በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። የ3 ቀን መድኃኒት ታዞላችሁ በማግስቱ ቢሻላችሁም እስከ መጨረሻው ዋጡት።

2ኛ፤ ለዕረፍት ደጀን ስትመለሱ ብትታመሙ ከየትኛው አገር እንደ መጣችሁ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩት። በደጋ ያለ ሐኪም ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል።

3ኛ፤ ብዙ ሰው ባንድ ክፍል በሚያድርበት ሥፍራ ሳል የሚናቅ አይደለም። 2 ሳምንት የቆየ ሳል ሲኖር አክታ ማስመርመር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይታከማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ6 ወር ሕክምና ይድናል። የደበቀው ግን አብረውት የሚያድሩትን ጭምር ያስይዛል።

4ኛ፤ ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሚያጠራጥርን ውኃ አፍልቶ መጠጣት ከታይፎይድና ከተቅማጥ ያድናል።

5ኛ፤ እንቅልፍ ለአእምሮ ስንቁ ነው። ሌሊቱን በጫት ነቅቶ ያነበበ ሰው ጧት በፈተናው ወረቀት ላይ ያንቀላፋል። ናፍቆትና ትካዜ ሲጸናባችሁም ብቻችሁን ተሸፋፍናችሁ አትተኙ፤ ለምታምኑት ጓደኛ ወይም ለአማካሪ ተናገሩ። እኅቶቻችንም ሴት ሐኪም እንድታያቸው ለመጠየቅ አይፈሩ።

ተማሪ ሕመሙን ለምን እንደሚደብቅ እናውቃለን። «ገና በወሩ ታመመ» እንዳይባል፣ ትምህርት እንዳያልፈው፣ እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎ ነው። ያለፈ ትምህርት ግን ከጓደኛ ደብተር ይገለበጣል፤ ያለፈ ሰው አይመለስም። እናንተም ወላጆች በስልክ ስታገኟቸው «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ከማለታችሁ በፊት «ጤናህስ? ጤናሽስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታምሜአለሁ የሚላችሁንም ልጅ እንደ ሰነፍ አትቍጠሩት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለኛም ነው። በደኅና ሄዳችሁ፣ በደኅና ተምራችሁ፣ በደኅና ተመለሱ።