ጠገራ ብርና ፕሩፍ ሳንቲም እንዴት ይለያሉ?

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ገዳሪፍ፣ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «በዓሉ የብር ነውና ስለ ብር ንገረን» ብሎ ይህን ዕድል ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። እኔ ባለሱቅ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሆኖም ሳንቲም ይዛችሁ «ይህ ምንድን ነው?» የምትሉኝ ብዙ ስለሆናችሁ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በብዙዎቻችን ቤት በሣጥን ውስጥ ወይም በእናቶቻችን አንገት ላይ ጠገራ ብር አለ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ስላለበት ማርትሬዛም እንለዋለን። ዐረቦች ደግሞ በላዩ ካሉት ነጥቦች የተነሣ አቡ ኑቅጣ ይሉታል። ይህ እኛ ያለንበት አገር የዚህ ብር መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 እና 1862 በዚህ ያለፈው እንግሊዛዊ መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በአካባቢው የሚሠራበት ትልቅ ገንዘብ እሱ ብቻ እንደነበረ ጽፏል። በጋላባትና በመተማ ገበያ ቡናው፣ ሰሙና ከብቱ የሚሸጠው በዚሁ ብር ነበር። በአገራችን በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ቦታውን ለቀቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች በዚያው ዓመት ቁጥር ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ቁጥሩ ዕድሜውን አይነግራችሁም። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች፤ ከምታትመው ውስጥም ፕሩፍ የሚባል አለ።

ፕሩፍ ማለት የአሠራር ስም ነው እንጂ የዕድሜ ወይም የንጽሕና ስም አይደለም። የመገበያያ ሳንቲም በፍጥነት አንድ ጊዜ ተመትቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ከረጢት ይወድቃል። ፕሩፍ ግን ብረቱም ማተሚያውም አስቀድሞ ተወልውሎ፣ በኃይል ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ፣ በጥንቃቄ ተነሥቶ ለብቻው ይታሸጋል። የአገራችንም አለ፤ በ1964 ዓ.ም. የአምስት ነገሥታት ምስል ያለባቸው ባለ አምስት ብር የብር ሳንቲሞች በፕሩፍ ተዘጋጅተው ነበር።

መለያው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. የፕሩፍ ሜዳው እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፤ ምስሉ ግን እንደ ውርጭ ነጭና ደብዛዛ ነው። ተራው አዲስ ሲሆን ዘንበል ስታደርጉት እንደ ሐር የሚዞር ብርሃን አለው፤ ሲያረጅ ይጠቁራል።

2ኛ. የፕሩፍ ፊደልና ጠርዝ ስለታም ነው። የተራው ለስለስ ያለ ነው።

3ኛ. ተራው ገና አዲስ ሆኖ እንኳ ከሌሎች ጋር የተጋጨበት ትናንሽ ጭረት ይገኝበታል።

4ኛ. ተወልውሎ ፕሩፍ የመሰለ አሮጌ ብር አለ። ይህን ለማወቅ የንግሥቲቱን ፀጉርና የንስሩን ላባ እዩ። እዚያ አልቆ ሜዳው ብቻ የሚያበራ ከሆነ የጨርቅ ሥራ ነው። በአጉሊ መነጽርም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ አልፏል። ሰው ሲቸገር የሚሸጠው የእናቱን ብር ነው። ያን ጊዜ ገዢው «ይህ ጠቁሯል፤ ብር አይደለም» ይላል። ሌላው ደግሞ የሚያበራውን ይዞ «የ1780 ጥንታዊ ነው» ብሎ በውድ ይሸጥላችኋል። ሁለቱም ሐሰት ነው። ጠቆረም አበራም፣ እውነተኛ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሁ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከግማሽ ያህል ይሆናል። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በጠርዙ ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል፤ ቀልጠው በተሠሩ ሐሰተኞች ላይ ይህ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። ማግኔትም አይስበውም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ብራችሁን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በኮልጌት አትሹት። ሰብሳቢዎች የተወለወለውን በርካሽ ነው የሚገዙት፤ ያለቀውም ተመልሶ አይመጣም። ፕሩፍ ካላችሁ ከማሸጊያው አታውጡት፤ ካወጣችሁም በጠርዙ ብቻ ያዙት። ሳትመዝኑና ከሁለት ቦታ ዋጋ ሳትጠይቁ አትሽጡ። ልጆቻችሁም የአያታቸው ብር ምን እንደሆነ ይወቁ፤ የማያውቁትን ማንም በርካሽ ይወስድባቸዋልና።

ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያብቃልን።