ቆንስሉ የለካው ውኃ፦ የእንግሊዝ ቆንስላ ጉዳይና የንግድ ጥቅም ከቤገምድር ሲታይ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ያስቀመጠው ምን ፈልጎ ነው? በዚያስ ቆንስል ዓይን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የት ነበሩ? ከእናንተ መካከል ብዙዎች ስለ ተወለዳችሁበት ወረዳ የመመረቂያ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስትነሡ፣ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው የውጭ አገር ሰው የጻፈው ጉዞ ወይም ሪፖርት ነው። ጸሐፊው ለምን እንደጻፈ ሳይመረመር ጽሑፉ የአገሩ ታሪክ ሆኖ ይገለበጣል። ይህን ስል ወረዳውን ያለ ሰነድ እንጻፍ ማለቴ አይደለም፤ ሰነዱ የማን ጉዳይ እንደሆነ እንወቅ ማለቴ ነው። ዓመታቱን፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ ከጦርነቱ በፊት ይጀምራል። በ1848 የእንግሊዝ መንግሥት ዋልተር ፕላውደንን በኢትዮጵያ ቆንስል አድርጎ ሾመ። በማግሥቱ ዓመት፣ በኅዳር 1849፣ ፕላውደን ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉት ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፕላውደን ራሱ እንደዘገበው ራስ ዓሊ ውሉ ሲነበብላቸው ጉዳት እንደሌለው፣ ነገር ግን ጥቅሙም እንዳልታያቸው ገለጹ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ እንኳ ወደ አገራቸው ይገባል ብለው አላሰቡም። ይህን የራስ ዓሊን አስተያየት የዋህነት አድርገው የሚያነቡ አሉ። እኔ ግን በዘመኑ ስለ እንግሊዝ ንግድ ከተነገሩት ሁሉ ትክክለኛው ግምት እርሱ ይመስለኛል። አሥሩ ዓመት ሲያልፍ ነጋዴው አልመጣም። ቆንስሉ ፕላውደን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች ተመቶ ሞተ።

ተከታዩ ቆንስል ካሜሮን የደረሰበትን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላስረዝምም። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉ በ1864 መጀመሪያ ታሰረ፤ ነገሩም በሚያዝያ 1868 በመቅደላ አበቃ። እኛን የሚመለከተው መንገዱ ነው። በጋፋት የተሠሩት መድፎች በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት አድርገው የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ ሲደርሱ ወራት ፈጅቷል። ለሰነዱ ጋይንት መድፍ ያለፈበት መንገድ ነው። መድፉን የጎተተው፣ ለሠራዊቱ ስንቅ ያዋጣው ሰው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስም የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ዘመን ልግባ። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ማለት በ1902፣ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ይናገራል፤ የእንግሊዝና የሱዳን መንግሥታት ሳይስማሙ የውኃውን መውረድ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ያስገድዳል። የአማርኛው ቅጂ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለመድፈን የሚናገር በመሆኑ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ያለው ልዩነት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አራተኛው አንቀጽ ደግሞ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር ለማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ቦታ ይፈቅዳል፤ ከዚያ የመጣው ጋምቤላ ነው። እንግሊዝ በኢትዮጵያ የነበራትን ጥቅም ለማየት እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ማንበብ ይበቃል። በምዕራብ የፈለገችው ቡና ሲሆን በሰሜን ምዕራብ የፈለገችው ውኃ ነበር።

ውኃውስ ለምን? ለጥጥ ነው። በሱዳን የገዚራ እርሻ ሰፋ፤ የሰናር ግድብ በ1925 ተጠናቀቀ፤ የላንክሻየር ፋብሪካዎች ጥጥ ይጠብቁ ነበር። ዓባይ በክረምት ሞልቶ በበጋ ይቀንሳል። ጣና ግን ተፈጥሮ ያዘጋጀው ማጠራቀሚያ ነው፤ ከመውጫው ላይ ቢገደብ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ያቆያል፤ ደለሉም ጥቂት ነው። በዚያው በ1925 ሮበርት ቺዝማን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ገባ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ እንግሊዝና ጣልያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ እንግሊዝ ለጣና ግድብ የጣልያንን ድጋፍ ስታገኝ፣ ለጣልያን ደግሞ የባቡር ሐዲድና በምዕራብ ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ብቸኝነት ፈቀደች። የአገሩ ባለቤት አልተጠየቀም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1926 ለሁለቱም መንግሥታትና ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ፤ ሁለቱም ማስገደድ አላሰብንም ብለው አፈገፈጉ። በሚቀጥለው ዓመት ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኒውዮርክ ተልከው ጄ. ጂ. ኋይት ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ተነጋገሩ። ተፈሪ ግድቡን አልናቁትም፤ የሚሠራውን ለመምረጥ ፈለጉ እንጂ። በዲፕሎማሲ ታሪካችን ይህ እርምጃ የሚገባውን ያህል አልተጠናም።

ስለ ቺዝማን አንድ ነገር ልጨምር። ዳንግላ ከመምጣቱ በፊት በኢራቅ የሰር ፐርሲ ኮክስ ጸሐፊ ነበር። ኮክስ ደግሞ ጦርነቱ እንዳበቃ በቴህራን የእንግሊዝ ተጠሪ ሆኖ የ1919ን የእንግሊዝና የፋርስ ስምምነት የተደራደረ ሰው ነው። ያ ስምምነት የፋርስን ጦርና ገንዘብ ቤት ከእንግሊዝ አማካሪዎች እጅ የሚያስገባ ነበር፤ የፋርስ ምክር ቤት ግን ሳያጸድቀው ቀረ። በመሽሐድ፣ በከርማን፣ በሺራዝ የተቀመጡት ቆንስሎች የጉምሩክ፣ የመንገድና የነዳጅ ጉዳይ ይከታተሉ ነበር። የዳንግላው ቆንስል ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በአካባቢው የእንግሊዝ ነጋዴ በብዛት ሳይኖር ቆንስላ መኖሩ ለፋርስ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ለእኛም ሊደንቀን አይገባም።

ቺዝማን በግሉ ተመራማሪ ሰው ነበር፤ ወፍና እንስሳ ይሰበስብ ነበር። በካርታ ላይ በነጠብጣብ የተሰመረውን የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተከትሎ መርምሮታል፤ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ጎብኝቷል፤ በ1936 ያሳተመው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ የጉዞው አብዛኛው በጎጃም በኩል ነው። እስቴና ስማዳ ለእርሱ ማዶ የሚታይ ገደል ናቸው።

የጉና ተራራን አስቡ። በምዕራብ ጎኑ የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወደ ጣና ይገባል። በምሥራቅና በደቡብ የዘነበው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሸንተረሮች ወርዶ ወደ በሽሎና በቀጥታ ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንዱ ደመና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ውኃ በዲፕሎማሲ ደብዳቤ ስሙ ይነሣል፣ ሁለተኛው አይነሣም። የሚገርመው ዓባይ ሱዳን ሲደርስ ከሚይዘው ውኃ ከጣና የወጣው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። ቀሪው የበሽሎ፣ የጀማ፣ የሙገር፣ የጉደር፣ የዴዴሳ፣ የዳቡስና የሌሎች ገባሮች ነው። የ1902ቱ ውል በሽሎን በስሙ አያነሣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገደላ ገደሉ ግድብ ለመሥራት አይመችም፣ ውኃውም አፈር ይዞ ይወርዳል። የዚያ አፈር ባለቤት ግን የስማዳና የጋይንት ገበሬ ነበር።

የንግዱም ነገር እንዲሁ ነው። ቆንስሉን የሚመለከተው ንግድ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርደው ነው። የእኛ ወረዳዎች ንግድ በሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ከስማዳ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ወሎ፣ ከእስቴ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሞጣ። ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ፣ እስቴንና ጎጃምን ያገናኝ ነበር። በዚያ ያለፈው አሞሌ፣ ማርና ቅቤ ትርፉ ወደ ካርቱም ስለማይወርድ፣ በቆንስላ የንግድ ሪፖርት ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ከዚህ ተነሥቶ አካባቢው ንግድ አልነበረውም ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ በፈተና ላይ ሲቀርብልኝ ሁልጊዜ አዝናለሁ።

መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የቤገምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ወደቁ። አውሮፕላን በመጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ጦርነቱን ከንግሥት ዘውዲቱና ከተፈሪ ሽኩቻ ጋር አያይዞ መጻፍ ተለምዷል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በ1930 እና በ1931 የኋይት መሐንዲሶች ጣናን ሲለኩ፣ የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝበት አገር ነባር ገዥውን ገና ማጣቱ ነበር። ሁለቱ ነገሮች አንዱ ለሌላው ምክንያት ናቸው አልልም፤ በአንድ ጊዜና በአንድ አገር መሆናቸውን ግን ለየብቻ በምናስተምራቸው ኮርሶች ረስተነዋል።

ግድቡ አልተሠራም፤ የጣልያን ወረራ ጉዳዩን ዘጋው። ቺዝማን በ1934 ዳንግላን ለቀቀ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ካርቱም ላይ የእንግሊዝ የስለላ ክፍል የኢትዮጵያን ጉዳይ እንዲይዝ ተጠራ፤ ለጥጥ ውኃ ሲባል የተሰበሰበው የመንገድ፣ የመሻገሪያና የባላባት ዕውቀት አሁን አርበኞችን ለመርዳት ዋለ። ሰነድ ሰብሳቢው ያላሰበበት ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል ማለት ነው፤ ለእኛም እንዲሁ።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያሉ አድባራት በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ጽፈዋል፤ የበሽሎና የዓባይ መሻገሪያዎችን ስም፣ ማን በረኛ እንደነበረ፣ ምን ቀረጥ እንደተከፈለ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችም አሉ። የቆንስሉን መጽሐፍ በአንድ እጅ ይዛችሁ፣ እርሱ ማዶ ሆኖ ያየውን ገደል በዚህኛው በኩል ውረዱት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልቀበል።