«ዳንቴስ ፒክ» ስለ ተባለው የእሳተ ገሞራ ፊልም መልካምነትና ጉድለት



ከእንጦጦ ግርጌ ለምንኖር ለእኛ ለጉለሌ ልጆች የእሳተ ገሞራ ነገር ባዕድ አይደለም። የእንጦጦ ድንጋይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ነውና። ስለዚህ በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ ስለ ወጣው «ዳንቴስ ፒክ» ስለ ተባለው ፊልም ያለንን አሳብ ልንገልጽላችሁ ወደድን።

የፊልሙ ዋና መልካምነት ከእሳቱ በፊት የሚያሳየው ነው። ምድር በተደጋጋሚ ትንቀጠቀጣለች፤ ዛፎች ይደርቃሉ፤ ፍል ውሃው ከልክ በላይ ይግላል፤ የመጠጥ ውሃው ይበላሻል። አንዱ የሳይንስ ሊቅ «ሕዝቡ ይውጣ» ሲል አለቃው ያመነታል፤ ቀድሞ በሌላ ከተማ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሳይፈጸም ቀርቶ የከተማው ሰው ስለ ከሰረ ነው። ይህ ክርክር በእውነትም የሚያጋጥም ነው።

ጉድለቱም ብዙ ነው። መኪና በቀለጠ ድንጋይ ላይ ይሻገራል፤ ሐይቁም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጀልባ የሚበላ አሲድ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሊቁ ትክክለኛ መሆኑ የሚታወቀው ተራራው ሲፈነዳ ብቻ መሆኑ ነው። ተመልካቹም «ካልፈነዳ ማስጠንቀቂያው ውሸት ነበር» ብሎ ይሄዳል።

የአገራችን ታሪክ ግን ሌላ ያስተምረናል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ አጠገብ፣ የቀለጠ ድንጋይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ከምድር በታች ገባ፤ ወደ ላይ የወጣው ግን ጥቂት ነበር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ንውጽውጽታው እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በዚያ አገር ቤቶች ፈረሱ፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ወጣ። የተፈራው የእሳት ጎርፍ ግን አልመጣም። ታዲያ የሕዝቡ መውጣት ከንቱ ነበርን? አልነበረም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱም በነፋስ እስከ የመንና እስከ ሕንድ ደረሰ። በአካባቢው ያሉት አርብቶ አደሮች የተቸገሩት ከብቶቻቸው የሚግጡት ሣር አመድ ስለ ለበሰ ነው። እንዲህ ያለው ጸጥተኛ ችግር በፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም።

እንግዲህ ፊልሙን እንመልከት፤ ምልክቶቹንም እንማርበት። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ሰምተው ከቤታቸው የወጡትን ሰዎች፣ ተራራው ዝም ስላለ ብቻ፣ አንሣቅባቸው። የዛሬው ሣቅ ለነገው ማስጠንቀቂያ ጆሮ ያሳጣል።