ቪዲዮውና መምህሩ በሰሜን ጎንደር ደጋ

ለማኅበሩ አባላት በጎንደር ከተማ የተደረገ ንግግር




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በኢንተርኔት የሚገኙ ቪዲዮዎችንና በነፃ የሚታደሉ የማስተማሪያ መሣሪያዎችን በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምባቸው የሚል ነው። ርእሱ አዲስ ይምሰል እንጂ ጥያቄው ለአገራችን መምህር አዲስ አይደለም። ሬዲዮ ወደ ክፍል በገባ ጊዜ ተነሥቷል፤ ቴሌቪዥን ሲከተልም ተነሥቷል። ይኸውም ከሩቅ የመጣ ድምፅና ሥዕል ወደ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን የሚመራው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የፕላዝማውን ዘመን እናስታውሳለን። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት፣ በየትምህርት ቤቱ በተተከሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች መሰጠት ሲጀምር ዓላማው በጎ ነበር። የገጠሩ ተማሪ የአዲስ አበባው ተማሪ ከሚያገኘው እኩል ያገኝ ዘንድ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ሙከራውን በሥዕል ያይ ዘንድ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የሚተላለፈው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚወስነውም ስርጭቱ እንጂ ክፍሉ አልነበረም። ተማሪው አልገባኝም ብሎ እጁን ቢያነሣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መብራት ቢጠፋ ትምህርቱ አይጠብቅም፤ ያመለጠውም አመለጠ። አብዛኛውን ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ስለሚወስደው ለመምህሩ የሚተርፈው መግቢያና መዝጊያ ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ።

ይኸን የማነሣው ያለፈውን ለመውቀስ ሳይሆን ለዛሬው ትምህርት ስለሚሆነን ነው። የኢንተርኔቱ ቪዲዮ ከፕላዝማው የሚለይበት ዋነኛ ነገር መምህሩ ሊያቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው፣ ድምፁን አጥፍቶም በራሱ ቃል ሊያስረዳበት መቻሉ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በክፍል ውስጥ የነበረውን ሥልጣን ለባለቤቱ ይመልሳል። ቪዲዮውን ከፍቶ እስኪያልቅ ጥጉን ይዞ የሚቀመጥ መምህር ግን ፕላዝማውን በገዛ እጁ መልሶ ተከለው ማለት ነው።

ቪዲዮውን ማቆም ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ስለ ውኃ መፍላት የሚናገሩ ቪዲዮዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። አብዛኞቹ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይናገራሉ፤ በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው እውነት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ በተቆረቆረችው በጎንደር ግን ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ ደባርቅ ስንወጣ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚያም በላይ ወደ በየዳና ወደ ጃናሞራ ደጋ የወጣ ሰው ከዚህ ያነሰ ያገኛል። ምክንያቱ ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት እየቀነሰ መሄዱ ነው። የደጋው እናት ባቄላዋ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ታውቃለች፤ ልጇም ያውቃል። መምህሩ ቪዲዮውን እዚህ ላይ አቁሞ «እናንተ ቤት ባቄላ ለምን ይዘገያል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቴርሞሜትር ካለውም አንድ ማሰሮ ውኃ አፍልቶ ቢያስለካ፣ ተማሪው ግፊትና ሙቀት ምን እንደሚያገናኛቸው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ካላቆመው ግን ተማሪው «100» የሚለውን ቁጥር ሸምድዶ ይወጣል፤ የእናቱ ማሰሮና የትምህርት ቤቱ ሳይንስም ተለያይተው ይቀራሉ።

ስለ ወቅቶች መፈራረቅ የሚናገረውን ቪዲዮም እንመልከት። በሰሜኑ ዓለም የተዘጋጀው ሥዕል በታኅሣሥና በጥር በረዶ የለበሰ አገር ያሳያል፤ ወቅቱንም በእኛ መዝገበ ቃላት ክረምት ተብሎ በሚተረጐመው ስም ይጠራዋል። የእኛ ተማሪ ክረምት የሚለው ግን ሐምሌና ነሐሴን፣ ዝናቡንና ጭቃውን ነው። ቪዲዮው የሚያየው ተማሪ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው መምህሩ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከሌላ አገር የተዋስነው አይደለም። በአቋቋም ትምህርት ስመ ጥር የሆነው የጎንደር በአታ በከተማችን ይገኛል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የተቀበለውን ለየኔታ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ቢሳሳት እዚያው ይታረማል፤ የቀደመው ተማሪ ደግሞ ተከታዩን ያስጠናል። ቪዲዮም እንደዚሁ እየተቆረጠ ሊሰጥና ሊደመጥ ይገባዋል። በእኔ አስተያየት በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከአምስት ወይም ከስድስት ደቂቃ የበለጠ ማሳየት አያስፈልግም። መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ይየው፤ የሚያቆምባቸውን ሦስት ቦታዎች ይምረጥ፤ በእያንዳንዱም የሚጠይቀውን ጥያቄ ይጻፍ። ከማሳየቱ በፊት ተማሪዎቹ ምን እንደሚሆን ይገምቱ፤ ካዩ በኋላ ግምታቸውን ይመርምሩ። ትምህርቱ ያለው በግምቱና በእውነቱ መካከል ነው።

እዚህ ላይ «ኢንተርኔት በሌለበት ስለ ኢንተርኔት ቪዲዮ ምን ታወራለህ?» የሚለኝ ባልደረባ ይኖራል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በቴሌግራም የተላከው ትምህርት ስልክና ኔትወርክ ላለው የከተማ ልጅ ደረሰ፤ ለእረኛው ልጅ አልደረሰም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ሲቀሰቀስ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ የከተማውም ልጅ ከደጋው ልጅ እኩል ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ የምናስተምርበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ በእጃችን ሊገኝ የሚገባው መሆኑን ነው። ኢንተርኔቱን እንደ ገበያ እንየው፤ ገበያ በዋለበት ቀን ሸምተን ወደ ጎተራችን እናግባ።

ደግነቱ ለዚህ የታሰቡ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። «ኮሊብሪ» የተባለው መሣሪያ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ትምህርቶቹ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫኑ በኋላ በክፍሉ ያሉ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች በአቅራቢያ ባለ ዋይፋይ ብቻ ይጠቀሙባቸዋል። «ኪዊክስ» ዊኪፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። በ2001 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት «ፌት» ደግሞ ተማሪው ራሱ እየነካካ የሚሞክራቸውን የሳይንስና የሒሳብ ማሳያዎች በነፃ ይሰጣል። አምፖልና ባትሪ የሌለው ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ዑደትን በስክሪን ላይ ገጣጥሞ ይፈትናል። ለሒሳብ መምህር «ጂኦጀብራ» አለለት፤ እኩልታው ሲለወጥ ግራፉ እንዴት እንደሚለወጥ ዓይን እያየ ያሳያል። ነገር ግን በኢንተርኔት የሚታይ ሁሉ ለማውረድና ለማባዛት የተፈቀደ አይደለም። ሕግ የምናስተምር ሰዎች ሕግ ልንጥስ አይገባንምና፣ ባለቤቶቻቸው እንዲባዙ የፈቀዷቸውን እንምረጥ፤ እነሱም ቢሆኑ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርባቸው ሦስት አሳቦች አሉኝ። አንደኛ፣ በጎንደር ከተማ መብራትና ኢንተርኔት የምናገኝ አባላት በየትምህርት ዓይነታችን የተመረጡ አጫጭር ትምህርቶችን እየሰበሰብን፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ለደባርቅ፣ ለዳባት፣ ለመካነ ብርሃንና ለድል ይብዛ ባልደረቦቻችን እናድርስ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጋር የት ላይ እንደሚቆምና ምን እንደሚጠየቅ የሚያመለክት አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍ። ቪዲዮው ያለዚህች ገጽ አይላክ። ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ተቀባዮች ብቻ ሆነን አንቅር። የስሜንን ገደል እያሳየ የአፈር መከላትን የሚያስተምር፣ የገብስ ማሳ እያሳየ ስለ ዘር መረጣ የሚናገር፣ በራሳችን ቋንቋና በራሳችን መምህር ድምፅ የተዘጋጀ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ለመሥራት አንድ ስልክና አንድ የተዘጋጀ መምህር ይበቃሉ። የደጋው መምህር ለከተማው የሚልከው ነገር ሲኖረው ነው ማኅበራችን በእውነት ማኅበር የሚሆነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጊዜው ስለሚያስገድደን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በመላ አገሪቱ ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በክልላችን ግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፤ ብዙ ልጆችም ከዓመት በላይ ከደብተር ተለያዩ። እነዚህ ልጆች ወደ ክፍል ሲመለሱ ያመለጣቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረን ለማስተማር በቂ ጊዜ አይኖረንም። በደንብ የተመረጠ ሥዕል ብዙ ቃል የሚያባክነውን ጊዜ ይቆጥባል፤ የተቆጠበውንም ጊዜ መምህሩ ለልጁ ጥያቄ ይሰጠዋል። መሣሪያው የሚጠቅመን ለዚህ ነው። ከዚህ የበለጠ አንጠብቅበት፤ ከዚህ ባነሰም አንርካ።