ለአእምሮ ሕመም ወደ ማን እንሂድ?

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ የሚጨነቅበት ጉዳይ ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ መስጂዳችን መጡ። ልጁ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ «ምግቡ ተመርዟል» እያለ አይበላም። እኛም ቁርኣን ቀራንበት፣ ዱዓ አደረግን። ስህተታችን መቅራታችን አልነበረም፤ «ሐኪምስ አይቶታል?» ብለን አለመጠየቃችን ነበር። ወራት ባከኑ። በኋላ ወደ አንዲት አማካሪ ላክናቸው። እርሷም ልጁን አነጋግራ፣ «ይህ ከእኔ ሙያ በላይ ነው፤ ዛሬውኑ የአእምሮ ሐኪም ይየው» አለች። ልጁ መድኃኒት ጀመረ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ሠርቶ ያድራል። «ምነው ያኔውኑ በነገራችሁን!» ያሉት የእናቱ ቃል ግን ከጆሯችን አልወጣም።

የዚያች እህት ወሰኗን ማወቅ አማናን መጠበቅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ አስተምረውናል። እንግዲያውስ ማን ምን እንደተማረ እንወቅ።

የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት፣ መጀመሪያ እንደማንኛውም ሐኪም ሕክምና የተማረ፣ ከዚያም በአእምሮ ሕመም ላይ ለዓመታት የሠለጠነ ነው። የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም መስለው ሊታዩ ስለሚችሉ አካልንም ይመረምራል፤ መድኃኒት ያዛል፤ ሆስፒታል ያስተኛል። በአገራችን ይህ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥራቸው አሁንም ጥቂት በመሆኑ በብዙ ከተሞች ሸክሙን የያዙት በአእምሮ ጤና የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደግሞ ሥነ ልቦናን በከፍተኛ ደረጃ ተምሮ በንግግር የሚያክም ነው፤ መድኃኒት አያዝም። ለጭንቀት፣ ለድባቴ፣ ውዱእ እያስደጋገመ የሶላት ወቅት ለሚያሳልፍ ወስዋስ ጭምር ብዙ ይጠቅማል። አንዳንዱ ሕመምተኛ ሁለቱንም ባለሙያዎች ይፈልጋል።

«አማካሪ» የሚለው ስም ግን ሰፊ ነው። ዲግሪ ያለውም፣ አጭር ሥልጠና የወሰደውም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ተምረዋል? የሙያ ፈቃድ አለዎት? ከአቅምዎ በላይ ሲሆን ወደ ማን ይልካሉ? እውነተኛ ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።

ይህ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን፣ ቁጣን፣ ፍርሃትንና ወስዋስን እንደ ሕመም ለያይተው አስተምረዋል።

ውድ ቤተሰቦች! ሩቅያውን አትተዉ፤ በሩቅያ ምክንያት ግን መድኃኒት አታስቁሙ። በረመዷን የመድኃኒቱን ሰዓት ራሳችሁ አትቀይሩ፤ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። ሞትን የሚመኝ፣ ራሱን ሊያጠፋ የሚያስብ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል አድርሱት። አላህ (ሱ.ወ) በሽተኞቻችንን ይፈውስ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።