የደረቀ ዘይት ስላሰረው የስፌት መኪና

ከመርካቶ የገዛችሁት አሮጌ ሲንጀር መዘውሩ አልዞር ቢላችሁ፥ ሞቷል ብላችሁ ለቁራሌው አትስጡት። ብዙ ጊዜ ያሰረው ዝገት ሳይሆን፥ ሥራ ፈትቶ ሲቆም እንደ ሙጫ የደረቀው የገዛ ዘይቱ ነው። በየዘይት ቀዳዳው ጥቂት ነጭ ጋዝ አንጠብጥባችሁ፥ ከእሳት አርቃችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ በቀስታ ነቅነቅ አድርጉት፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው መዶሻ አንሥቶ የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው። አልኮል ጥቁሩን ቀለምና የወርቁን ጌጥ ስለሚያበላሽ አይንካው። ቤንዚንማ ከቶ አይታሰብ፤ ትነቱ ምድር ለምድር ተጉዞ ከከሰል ምድጃ እሳት ይዞ ይመለሳልና። ቆሻሻው ሲለቅ በጨርቅ ጥረጉት፤ ነጭ ጋዝ ብረቱን ያለ ቅባት ስለሚተወው፥ ወዲያው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አጠጡት። የወጥ ዘይት ግን አታድርጉበት፤ እርሱ ፈጥኖ ይደርቃል።